መለየት ይቀድማል

እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጣ። አጥኚዎቹ ሀብታሙ ፉፋና ቀልቤሳ ኡርጋ ነበሩ፤ የሚሠሩትም በያኔው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ጉለሌ ውስጥ ያለው የዚህ ተቋም ግቢ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ያደግንበት ሰፈር ሰው ግን ከድሮው የፓስተር ኢንስቲትዩት በተረፈው ስም አሁንም «ፓስተር» ይለዋል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ገበያዎች፣ ከችርቻሮ ሱቆችና ከመንግሥት መደብሮች 60 የሽሮና 60 የበርበሬ ናሙና ሰብስበው አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ፈለጉ። ከሽሮው 5፣ ከበርበሬው 8 ናሙና ላይ አገኙት። በሽሮው ውስጥ በኪሎ ከ100 እስከ 500 ማይክሮግራም፣ በበርበሬው ውስጥ ደግሞ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ ለበርበሬ የፈቀደው ጣሪያ አፍላቶክሲን ቢ1 ከሚባለው ዓይነት 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ጉበትን የሚጎዳ፣ ካንሰርም የሚያመጣ መርዝ መሆኑን ላወቀ ሰው ይህ እንቅልፍ የሚነሳ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጽሑፍ ተጠቅሷል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ሥራ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። 250 ማይክሮግራም ሩብ ሚሊግራም ነው። አንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ሩብ ሚሊግራም መርዝ አለ ማለት መርዙ ከአራት ሚሊዮን እጅ አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀሪው በሙሉ በርበሬ ነው። መርዙን ለማውጣት ዱቄቱ ውስጥ አልኮል መሰል ፈሳሽ ሲጨመር አፍላቶክሲኑ ብቻውን አይወጣም። ቀይ ቀለሙ ይወጣል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ይወጣል፣ ስማቸው ያልተመዘገበ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሁዶችም አብረው ይወጣሉ። ይህን ቀይ ፈሳሽ እንዳለ ወስዶ የዓለም ምርጥ መሣሪያ ውስጥ ቢጨምሩት መሣሪያው የሚያየው በርበሬ ነው። መርዙን እንዲያይ መጀመሪያ አንድ ሰው መርዙን ከበርበሬው መለየት አለበት።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሰው ነው። በትንተና ኬሚስትሪ ውስጥ ዕድሜውን በመለየት ላይ የሚያሳልፍ ምሁር ምን እንደሚሠራ፣ ይህ ሥራ በእኛ አገር ምን መልክ እንደያዘም ለማሳየት ከጉለሌ ወረድ ብዬ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል፣ የፕሮፌሰር ንጉሤ መገርሳን መንገድ እከተላለሁ። ከዚያ በፊት ግን መለየት የሚባለው ነገር ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

*

ሚካኤል ጽቬት ዕፅዋትን የሚያጠና ሩሲያዊ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዋርሶ ውስጥ እየሠራ ሳለ የመስታወት ቱቦ በኖራ ድንጋይ ዱቄት ሞላና ከቅጠል ያወጣውን አረንጓዴ ፈሳሽ ከላይ አፈሰሰበት። ከዚያ ንጹሕ አሟሚ ፈሳሽ እያስከተለ ወደ ታች አወረደው። አንድ የመሰለው አረንጓዴ ተበታተነ። ቢጫ፣ ብጫማ አረንጓዴና ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለበቶች በዱቄቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ። ጽቬት በ1906 ባሳተማቸው ጽሑፎች ዘዴውን ክሮማቶግራፊ አለው።

ቀለበቶቹ የተለያዩበት ምክንያት ቀላል ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስተው ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚሄዱ ሁለት ሴቶችን አስቡ። አንደኛዋ ሽሮ ሜዳ ላይ ጉዳይ የላትም፤ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ሁለተኛዋ የልጇ ሠርግ ደርሶባታል፤ በየሱቁ ቆማ ነጠላ ታነሳለች፣ ጥለቱን ታያለች፣ ትከራከራለች፣ ትተወውና ወደሚቀጥለው ትገባለች። እኩል ተነስተው እኩል ቢራመዱም ቁስቋም የሚደርሱበት ሰዓት ይለያያል። በቱቦው ውስጥ ዱቄቱ ሱቅ፣ የሚፈስሰው አሟሚ መንገድ፣ ውሁዶቹም መንገደኞች ናቸው። ዱቄቱን የሚወድ ውሁድ ይዘገያል፤ ፈሳሹን የሚወድ ይቀድማል። ሱቆቹ በበዙ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል።

ከጽቬት በኋላ ዘዴው ለብዙ ዓመታት ተረሳ። ወደ አዲስ ደረጃ ያሸጋገሩት አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ ናቸው። እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ በሱፍ ምርምር ማኅበር ቤተ ሙከራ ውስጥ በሱፍ ፕሮቲን ውስጥ ያሉትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ለመለየት ሲታገሉ በ1941 አዲስ ዓይነት ክሮማቶግራፊ አቀረቡ። በ1952 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ያለው ጋዝ ክሮማቶግራፍና ኬሚስቶቻችን በአጭሩ ኤች ፒ ኤል ሲ የሚሉት ከፍተኛ ግፊት ያለው የፈሳሽ ክሮማቶግራፍ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

አፍላቶክሲንም የታወቀው በመለየት ነው። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ሲያልቁ ጥርጣሬው ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ መኖ ላይ ወደቀ። ከመኖው የወጣው ንጥር በስስ ሰሌዳ ላይ ተመጥጦ ሲወጣና በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ ሁለቱ አረንጓዴ። ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1፣ ጂ2 የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው። ፊደሉ ከብርሃኑ ቀለም፣ ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ከተጓዙበት ርቀት የመጣ ነው። የዚያ መርዝ ስም ራሱ የክሮማቶግራፊ ውጤት ማስታወሻ ነው ማለት ይቻላል።

ለማንም ኢትዮጵያዊ ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌ ቡና ነው። በ2008 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ ተመራማሪዎች በቤንች ማጂ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በቴፒና በጎደሬ ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ለክተው ፉድ ኬሚስትሪ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። የተጠቀሙት ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ብርሃን በናሙናው ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ችግሩ ቡናው በውሃ ብቻ ሲወጣ ሌሎች ውሁዶችም እዚያው የብርሃን ክልል ላይ ስለሚውጡ የካፌይኑ ጫፍ ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። ካፌይኑን በዳይክሎሮሜቴን ከውሃው ሲያወጡት ጫፉ ጥርት ብሎ ታየ፤ የአራቱም አካባቢ ቡና ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ካፌይን ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ከመለየቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። የተለወጠው ወደ መሣሪያው የገባው ነገር ነው።

በእኔ እምነት የትንተና ኬሚስትሪን ለሕዝብ የሚያስረዱ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ካሜራው መሣሪያውን ያሳያል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ስክሪን ይመለከታል። እውነተኛው ጥበብ ግን ከዚያ በፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በቱቦና በመርፌ፣ በጨውና በአሲድ የሚሠራው ነው። ለአንድ ናሙና ከሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው የሚያልቀውም እዚያ ነው፤ ስሕተት የሚገባውም እንዲሁ።

*

የፕሮፌሰር ንጉሤ መገርሳ የምርምር ሕይወት ከዚያ ጠረጴዛ ርቆ አያውቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስማቸው በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ መታየት ሲጀምር አብሯቸው ያለው ስም የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ያን ኦኬ ዮንሶን ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ ቴዎድሮስ ሰሎሞንና ከሕንድ መጥተው ረጅም ዘመን አራት ኪሎ ያስተማሩት ቢ. ኤስ. ቻንድራቫንሺ ነበሩ። የጥናቱ ጉዳይ ትራያዚን የተባሉት ፀረ አረም መድኃኒቶች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በስም በጣም የሚታወቀው አትራዚን ነው። በማሳ ላይ ይረጫሉ፣ ዝናብ ያጥባቸዋል፣ ወንዝ ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ።

የአውሮፓ ሕግ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የሚፈቅደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። አንድ ግራም በ10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር መሣሪያው እንዲያየው ሁለት ነገር መደረግ አለበት፤ ከሌላው መለየት፣ ከዚያም መሰብሰብ።

ሉንድ ላይ ጉድዮን አውዱንሶን በ1986 ያቀረበው ዘዴ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ነበር። ሁለት ጠፍጣፋ የቴፍሎን ቁራጮች ውሰዱ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቀጭን ቦይ ተቀርጿል። በመካከላቸው ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ ስስ የቴፍሎን ሽፋን አለ። ሽፋኑ እንደ ዳይሄክሲል ኢተር ባለ ውሃ የማይቀላቀለው ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ቆይቷል፤ ቀዳዳዎቹ ያንን ፈሳሽ ጠጥተው ይዘዋል። ሁለቱ ቁራጮች ተጋጥመው በብሎን ሲጠብቁ በሽፋኑ ግራና ቀኝ ሁለት ቦዮች ይፈጠራሉ። በአንደኛው ቦይ የሐይቁ ውሃ በፓምፕ ቀስ እያለ ይፈስሳል። በሌላኛው ቦይ ከአንድ ሚሊ ሊትር ብዙም የማይበልጥ፣ በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ቆሞ ይጠብቃል።

ትራያዚን ደካማ ቤዝ ነው። በሐይቁ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ ሽፋኑ ውስጥ ወዳለው ቅባት መሰል ፈሳሽ ዘልቆ ይገባል። በሌላው ወገን ሲወጣ አሲዱ ይቀበለዋል፣ ፕሮቶን ይጨምርለታል፣ ሙል ይሰጠዋል። ሙል ያለው ነገር ደግሞ ያንን ፈሳሽ መልሶ ማቋረጥ አይችልም። ገባ፣ ቀረ። የሐይቁ ውሃ በመቶ ሚሊ ሊትር እየቆጠረ ሲያልፍ ትራያዚኑ እዚያች አንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ ይጠራቀማል። ጨውም አይገባም። የሐይቅ ውሃን ቡናማ የሚያደርገው፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድም አይገባም፤ እሱ በሐይቁ ውሃ ውስጥ ሙል ስለያዘ በሽፋኑ በኩል መንገድ የለውም። ይህን የሠራ ሰው ሂዩሚክ አሲድ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ያውቃል። ባልጸዳ ናሙና ላይ መሣሪያው በሚስለው መስመር፣ በክሮማቶግራሙ፣ መጀመሪያ ትልቅ ጉብታ ሆኖ ይወጣና በጎኑ ያሉትን ትንንሽ ጫፎች፣ ፒኮቹን፣ ሁሉ ይውጣቸዋል።

የፕሮፌሰር ንጉሤን የዚያ ጊዜ ጽሑፎች በርዕስ ብቻ ያየ ሰው ተመሳሳይ ሥራ የተደጋገመ ሊመስለው ይችላል። በ1998 አናሊስት ላይ ሰልፈር ስላላቸው ትራያዚኖች፣ በ1999 ጆርናል ኦቭ ክሮማቶግራፊ ላይ ሜቶክሲ ስለያዙት ጽፈዋል፤ በ1998 ደግሞ ከሉክ ቺሙካ ጋር፣ በኋላ በደቡብ አፍሪካው ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሆነው ሰው ማለት ነው፣ ቆሞ የሚጠብቀው አሲድ ደካማ ቤዞችን ሙሉ በሙሉ ሳይዝ ስለሚቀርበት ሁኔታ በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ላይ አሳትመዋል። ድግግሞሽ አይደለም። አትራዚን በጣም ደካማ ቤዝ ነው፤ ፕሮቶን እንዲቀበል አሲዱ ጠንካራ መሆን አለበት። ሜቶክሲና ሰልፈር የያዙት በቀላሉ ይቀበላሉ። አንዱን በደንብ የሚይዝ አሲድ ለሌላው የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑ ውስጥ የሚነከረው ፈሳሽም እንደዚሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ መፈተሽ ነበረበት፤ አሲዱ ስንት፣ ፍጥነቱ ስንት፣ ፈሳሹ የቱ፣ ሽፋኑ ስንት ቀን ይቆያል። የመለየት ሳይንስ ሰው አድካሚ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ጽሑፉን ከፍቶ ቁጥሩን ይወስዳል።

እኔን የሚማርከኝ በ2000 የወጣው ነው። ያ ጽሑፍ የታተመው በአውሮፓ መጽሔት ሳይሆን በራሳችን በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ነው፤ ርዕሱ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ሐይቆችን ውሃ የሚመለከት ነው። በሉንድ ዘዴ፣ የአራት ኪሎና የሉንድ ስሞች በአንድ ገጽ ላይ ሰፍረው፣ ናሙናው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሆነ። ሐይቆቻችን ጨዋማነታቸውና አልካላይነታቸው ከስዊድን ወንዝ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ሌላ አገር የተፈተነ ዘዴ እዚህ ይሠራል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ መፈተኑ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ያም ሥራ በአገር ሰው እጅ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

*

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ሥራዎች አንድ አቅጣጫ አላቸው፤ መቀነስ። አሟሚው ይቀንሳል፣ ዕቃው ይቀንሳል፣ ደረጃው ይቀንሳል።

ለምን እንደሆነ የድሮውን መንገድ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መደበኛ ዘዴ አንድ ሊትር ውሃ በትልቅ የመለያ ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ 60 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን ይጨመርበታል፤ ይናጣል፤ ይቆማል፤ የታችኛው ንብር ይወርዳል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ለአንድ ናሙና 180 ሚሊ ሊትር ክሎሪን ያለው አሟሚ ይወጣል፤ እሱም ተንኖ መጠን እስኪቀንስ መጠበቅ አለበት። በቀን 20 ናሙና የሚሠራ ቤተ ሙከራ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ ይፈጃል። ያ አሟሚ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ በመርከብ ይመጣል፣ ጉምሩክ ይቆማል። ተጠቅመን ስንጨርስ ደግሞ የት እንደሚጣል አገራዊ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው። የሚተነፍሰውም ተማሪው ነው።

በ2006 የኢራን ተመራማሪዎች ነገሩን ገለበጡት። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በመርፌ አንድ ሚሊ ሊትር አሴቶን በፍጥነት ገፉ፤ አሴቶኑ ውስጥ ያለው ክሎሪናማ አሟሚ 8 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። ውሃው ወዲያው እንደ አጥሚት ደፈረሰ። አሟሚው በሺህ የሚቆጠሩ ጠብታዎች ሆኖ ተበታትኖ ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል፤ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ታች ተሰብስቦ በመርፌ ይወጣል። ዓለም ይህን ዘዴ እጅ በእጅ ተቀባበለው።

ሁለት ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ አሟሚው አሁንም ክሎሪናማ ነው፣ ሴንትሪፊዩጅም ያስፈልጋል። በ2013 የአራት ኪሎው ቡድን፣ ተስፋዬ ቶልቻ፣ ዮናስ መርዳሳና ፕሮፌሰር ንጉሤ፣ ጆርናል ኦቭ ሴፓሬሽን ሳይንስ ላይ ያሳተሙት ሥራ ሁለቱንም ይነካል። ከውሃ የሚቀል፣ ሲለይ ላይ የሚንሳፈፍ አሟሚ መረጡ። ጠብታዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ በሴንትሪፊዩጅ ፋንታ ሌላ ጥቂት አሟሚ በመርፌ ይገፋበታል፤ ድፍርሱ ይሰበራል፣ ውሃው ይጠራል፣ አሟሚው ላይ ይወጣል። የተፈለጉት በውሃ ውስጥ ሙል ሊይዙ የሚችሉ ፀረ ተባዮች ነበሩ። ይህ ሥራ በእኔ ዓይን በልዩ ሁኔታ የእኛ ነው። መብራት ሲሄድ ሴንትሪፊዩጅ ይቆማል፤ መርፌ አይቆምም።

የጨው ዘዴም እንዲሁ ነው። አሴቶናይትራይል የሚባለው አሟሚ ከውሃ ጋር በደንብ ስለሚቀላቀል ለብቻው መለያ አይሆንም። ብዙ ጨው ሲጨመር ግን ውሃው ጨውን ይመርጣል፣ አሴቶናይትራይሉም ይገፋል። በቱቦው ውስጥ አንድ የነበረው ፈሳሽ ዓይን እያየው በሁለት ይከፈላል፤ ላይ አሟሚ፣ ታች ጨዋማ ውሃ፣ መካከሉ ላይ በብርሃን የሚያንጸባርቅ ቀጭን መስመር። የላይኛውን ወስዶ በቀጥታ ወደ ኤች ፒ ኤል ሲ ማስገባት ይቻላል። ጨውና ቱቦ ነው። በ2014 አበራ ጉሬ ከፕሮፌሰር ንጉሤና ከስፔኑ የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር በዚሁ መንገድ ሰልፎኒልዩሪያ የተባሉትን ፀረ አረሞች በአካባቢ ውሃና በሙዝ ጭማቂ ውስጥ ለክቶ ታላንታ ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት አበራና ፕሮፌሰር ንጉሤ ከንጉሤ ረታ ጋር ሆነው በአካባቢ ውሃ ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ፀረ ተባዮችን ስለመለየት ሌላ ጽሑፍ አሳተሙ።

ይህን ጉዞ በጥቅሉ ያየ ሰው ከሉንድ የቴፍሎን ቁራጭ ወደ አዲስ አበባ የጨው ቱቦ መውረድ ነው ሊል ይችላል። እኔ መውረድ አልለውም። የውጭ ቤተ ሙከራ ችግር ሲገጥመው ይበልጥ የሚያይ፣ ይበልጥ የሚመርጥ መሣሪያ ይገዛል፤ ናሙናው ቆሻሻ ቢሆንም ማሽኑ ይታገሠዋል። እኛ ጋ ማሽኑ አንድ ነው፣ ውስጡ ያለው መለያ ቱቦ፣ ኮለሙ፣ ከውጭ ይመጣል፣ የቆሸሸ ናሙና አንድ ቀን ኮለሙን ቢዘጋው የአምስት ተማሪ መመረቂያ ይዘገያል። ስለዚህ ብልሃቱ ወደ ፊት፣ ወደ ናሙናው ይመጣል። አስቦ የሚለይ ሰው ከተራ መሣሪያ ጥሩ ቁጥር ያወጣል። የመለየት ሳይንስ አራት ኪሎ ላይ ሥር የሰደደው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

*

ይህ ሥራ ለአገሪቱ ምን እንደሆነ በ2008 በግልጽ ታየ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ውስጥ ከፈቀደችው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ሊንዴንና ሄፕታክሎር ከተጠቀሱት መካከል ናቸው። ወደ ጃፓን የሚሄደው ቡናችን በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ሲጣራ ጥርጣሬው ያረፈው በገበሬው ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት የጆንያ ከረጢት ላይ ነበር። እስኪ አስቡት፤ በጥላው ሥር፣ ያለ መድኃኒት ያደገ ቡና በጆንያው ምክንያት ይመለሳል። ክሱን ያመጣው የሌላ አገር ክሮማቶግራፍ ነው። መልሱም መምጣት የነበረበት ከክሮማቶግራፍ ነው፤ ቡናውን ለብቻ፣ ጆንያውን ለብቻ፣ አፈሩን ለብቻ አውጥቶ መርዙ ከየት እንደመጣ ማሳየት። እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ቃል አይሰማም። የሚሰማው ዘዴው የተፈተነ ቁጥር ነው።

ወተትም አለ። በ2016 ፉድ ኮንትሮል ላይ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከወተት አምራቾችና ነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና ወስዶ ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ኤም1 አገኘ፤ ላሚቱ በመኖ የበላችው ቢ1 በጉበቷ ተለውጦ ወደ ወተቷ የሚገባው ነው። የአውሮፓን ጣሪያ፣ በኪሎ 0.05 ማይክሮግራምን፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ ሲፈለግ በተለይ ወደ ኑግ ፋጉሎ አመለከተ። ላሞቻችን የሚወዱት፣ ወተት ይጨምራል የምንለው ፋጉሎ ነው። በወተት ውስጥ ያንን ያህል ጥቂት ነገር መለካት ማለት ከቅባቱ፣ ከፕሮቲኑና ከስኳሩ አውጥቶ መለካት ማለት ነው፤ መኖውን መመርመር ደግሞ ከኑግ ዘይት ጋር ሌላ ትግል ነው። ጉለሌ ላይ በ1996 በርበሬው ላይ የተጀመረው ጥያቄ 20 ዓመት ቆይቶ በከተማዋ ወተት ላይ የበለጠ ከባድ ሆኖ ተመለሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ከማመናችን በፊት ግን ኬሚስቱ ራሱን የሚያሳምንበት መንገድ አለ፤ የዚህ ዘርፍ መምህር ለተማሪው ከሚሰጠው ሁሉ ዋናው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ተማሪው መጀመሪያ ምንም መርዝ የሌለበትን ናሙና፣ በላብ ቋንቋ ብላንኩን፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ ይሠራዋል። እዚያ ላይ ፒክ ከታየ መርዙ የመጣው ከዕቃው ወይም ከአሟሚው ነው። ቀጥሎ ናሙናውን ስፓይክ ያደርገዋል፤ የሚታወቅ መጠን ያለው መርዝ ራሱ ይጨምርበትና ሙሉውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያካሂዳል። የጨመረው 10 ቢሆንና የተገኘው 9 ቢሆን ሪከቨሪው 90 በመቶ ነው። በአውሮፓ የፀረ ተባይ ቤተ ሙከራዎች መመሪያ አማካይ ሪከቨሪ ከ70 እስከ 120 በመቶ መካከል መሆን አለበት። 40 ከመጣ ዘዴው መርዙን የሆነ ቦታ እየጣለ ነው፤ ያ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ተማሪው ወደ ሐይቅ ውሃ፣ ወደ ማር፣ ወደ ወተት አይሄድም። ብዙ ወራት የሚያልፉት እዚህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ግን ይህ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ነው።

የኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ደረጃ መለየትን መማር የፈለገ ውጭ መሄድ ነበረበት። አሁን አራት ኪሎ ላይ የተማረው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ያስተምራል። አበራ ጉሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ቡናው ከደጃፉ ይለቀማል፣ ጫካው ዳር ላይ በቆሎው በፀረ አረም ይረጫል። ቡናውን ለምርመራ አዲስ አበባ መላክ ሳያስፈልግ ጅማ ላይ የሚያጠራ፣ የሚለይ፣ ብላንኩንና ሪከቨሪውን ጨምሮ ቁጥሩን ለላኪው የሚሰጥ ቤተ ሙከራ ማለት ከ2008ቱ ዓይነት ክስ በፊት ጆንያው ገና መጋዘን ሳለ መርዙ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጨው፣ መርፌ፣ አንድ በደንብ የተያዘ ኤች ፒ ኤል ሲና እጁ የለመደ ሰው ነው። ሰውየው አለ።